«ትኬት ቆርጠናል፤ ትምህርት ቤቱ ግን አይሆንም አለን»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ እንግሊዝ ከቆየ በኋላ እኔንና ሦስት ልጆቻችንን አመጣን። ለንደን ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፣ ሴከንደሪ ጀምራለች። ሁለተኛው 8 ነው። ትንሹ 4 ዓመቱ ነው፣ ሪሴፕሽን (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ዓመት) ገብቷል፤ 5 የሚሞላው ፌብሯሪ ላይ ነው። እናቴ አርጅታለች። ገናንና ጥምቀትን አብረናት እንድንውል ዲሴምበር 20 ሄደን ጃንዋሪ 20 የምንመለስበት ትኬት ቆርጠናል። ትምህርት የሚከፈተው ጃንዋሪ 5 ነው። ፈቃድ ብንጠይቅ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች «አንፈቅድም፤ ከሄዳችሁ ቅጣት ሊመጣ ይችላል» አሉን። የገዛ ልጆቼን አገሬ ለመውሰድ ፈቃድ የምጠይቀው ለምንድን ነው? ባለቤቴ «ታመዋል በያቸውና እንሂድ» ይላል። ቅጣቱ ስንት ነው? ቪዛችንንስ ይነካብናል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የባለቤትዎን ሐሳብ እንጨርሰው። ታመዋል አይበሉ። ሦስት ልጆች በሁለት ትምህርት ቤት፣ በአንድ ቀን ታመው፣ በአንድ ቀን ሲድኑ ማን ያምናል? ትምህርት ቤቱ የሐኪም ማስረጃ የመጠየቅ መብት አለው። ደግሞ የ4 ዓመት ልጅ ምስጢር አይጠብቅም። በተመለሰ በመጀመሪያው ጠዋት አያቱ ቤት በጉ እንዴት እንደታረደ ለአስተማሪው ይተርክላታል። ከዚያ ወዲያ ልጅዎ እውነት ሲታመም የሚያምንዎት አያገኙም።

አሁን ወደ ሕጉ። እኛ አገር ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር የሚጠየቀው ልጁ ነው። «ወላጅ ይዘህ ና» ይባላል፣ ወላጅ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አለቀ። እንግሊዝ ውስጥ ተጠያቂው ወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የትምህርት ሕግ አንቀጽ 444 ትምህርት ቤት የተመዘገበ ልጅ አዘውትሮ ካልተገኘ ወላጁ ጥፋተኛ ነው ይላል። ሒደቱም የወንጀል ነው፤ የሚታየው በወንጀል ችሎት ነው። ብዙ አዲስ መጪ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

«አዘውትሮ» ማለት ምን ያህል ነው? ይሄ ጥያቄ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጆን ፕላት የሚባል የአይል ኦፍ ዋይት ነዋሪ በ2015 ሴት ልጁን በትምህርት ወቅት ለ7 ቀን ፍሎሪዳ ይዟት ሄደ። 60 ፓውንድ ተቀጣ፤ አልከፍልም አለ፤ 120 ሆነ፤ አሁንም አልከፍልም አለ። ክርክሩ ቀላል ነበር፦ ልጄ ከ90 በመቶ በላይ ተገኝታለች፣ ይሄ አዘውትሮ መገኘት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የታችኛው ፍርድ ቤት ተቀበለው። ኤፕሪል 2017 ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው አሉ፤ «አዘውትሮ» ማለት ትምህርት ቤቱ ባወጣው ደንብ መሠረት ማለት ነው። ጉዳዩ ተመልሶ ሲታይ ሰውዬው ጥፋተኛ ተባለ፤ 2,000 ፓውንድ ወጪም እንዲከፍል ታዘዘ። ስለዚህ «ልጄ ጎበዝ ናት፣ ሌላ ጊዜ ቀርታ አታውቅም» የሚለው መከራከሪያ ሕግ ፊት አያዋጣም። ርዕሰ መምህሩን ለማለስለስ ግን ይረዳል።

ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የርዕሰ መምህሩ ነው። ሕጉ «ልዩ ሁኔታ ሲኖር» ብቻ ይላል፤ ልዩ ሁኔታ ምን እንደሆነ ግን አይዘረዝርም። ለእረፍት ጉዞ ማንም ይፈቅዳል ብዬ አልነግርዎትም። ሐዘን ሲደርስ ነገሩ ይለያል። እናትዎ በጠና ቢታመሙ ወይም ቀብር ቢኖር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ስንት ቀን እንደሚሰጡ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ዋናው ከመሄድ በፊት መጠየቅ ነው። ሄደው ከመጡ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ የለም። እርስዎ ፈቃዱን ቀድመው መጠየቅዎ ደግ ነው፤ ትኬቱን ቀድመው መቁረጥዎ ነው የጎዳዎት።

የበዓሉ ነገር ግን ሌላ ነው። ይህን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም። ያው አንቀጽ 444 ወላጁ የሚከተለው የሃይማኖት ተቋም ለአምልኮ ብቻ በለየው ቀን ልጁ ቢቀር ጥፋት አይደለም ይላል። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ፈረንጆቹ ዛፋቸውን አውርደው ትምህርት በጀመሩበት ሳምንት ይውላል። ለዚያ ቀን የማንንም ርኅራኄ አይለምኑም፤ ያሳውቃሉ። ጥምቀትም እንደዚሁ። ሙስሊም ቤተሰቦችም ለኢድ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተጠራጠረ «ይህ ቀን በእርግጥ በዓል ነው?» ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን ሊጠይቅ ይችላል፤ ከደብሩ አንድ አጭር ደብዳቤ ቢያያዝ ነገሩ ያልቃል። ነገር ግን ሕጉ የሚያውቀው ቀኑን ነው። ዋዜማውን፣ የዘመድ ጥየቃውን፣ የአውሮፕላኑን ቀን አይጨምርም።

እንግዲህ እንቁጠር። ከጃንዋሪ 5 እስከ 20 ድረስ 12 የትምህርት ቀን አለ። ገናንና ጥምቀትን ብንቀንስ 10 ይቀራል። ትምህርት ቤት አንዱን ቀን ጠዋትና ከሰዓት ብሎ ለሁለት ይቆጥረዋል። በ10 የትምህርት ሳምንት ውስጥ ያለ ፈቃድ 10 ግማሽ ቀን፣ ማለትም 5 ቀን ሙሉ ከቀሩ፣ ቅጣት ይጣል አይጣል የሚለው መታየት አለበት። እርስዎ ጋ እጥፉ ነው።

ቅጣቱ ከኦገስት 2024 ጀምሮ 80 ፓውንድ ነው፤ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ። ከዚያ ካለፈ እስከ 28ኛው ቀን 160 ይሆናል። የሚያሳስተው አቆጣጠሩ ነው። ለቤተሰብ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ ነው። ሁለታችሁም ተስማምታችሁ ከወሰዳችኋቸው ለሁለቱ ትልልቅ ልጆች አራት ቅጣት ማለት ነው፦ 320 ፓውንድ፣ ከዘገየ 640። ትንሹ አይቆጠርም። እንግሊዝ ውስጥ ትምህርት ግዴታ የሚሆነው ልጁ 5 ከሞላው በኋላ በሚመጣው ተርም (የትምህርት ወቅት) ነው። የእርስዎ ልጅ ፌብሯሪ ላይ ስለሚሞላው ከፋሲካው እረፍት በኋላ እስኪከፈት ድረስ በእሱ ምክንያት አይቀጡም።

ቅጣቱን ከትኬቱ ዋጋ ጋር ደምሮ «ያዋጣል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስሌቱ ለአንድ ጊዜ ይሠራ ይሆናል። በሦስት ዓመት ውስጥ ያው ወላጅ በዚያው ልጅ ሁለተኛ ከተቀጣ ግን 80 የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥታ 160 ነው። ሦስተኛ ከሆነ የቅጣት ወረቀት አይላክም፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ እዚያ መቀጮው እስከ 2,500 ፓውንድ ይደርሳል። የቅጣት ወረቀቱ ይግባኝ የለውም። ስህተት ካለበት ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) እንዲሰርዘው መጻፍ ይቻላል፤ ካልሆነ ወይ መክፈል ነው ወይ ፍርድ ቤት ቀርቦ መከራከር።

ስለ ቪዛው አይጨነቁ፤ ግን አይዘናጉ። በጊዜው የተከፈለ ቅጣት የወንጀል ፍርድ አይደለም። ሳይከፈል ቀርቶ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ካለዎት ነገሩ ይለወጣል፤ ኢንደፊኒትም (የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ) ሆነ ዜግነት ሲጠይቁ ፎርሙ ላይ መጻፍ ግድ ይሆናል። ፖስታ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መክተት የለመዱ ካሉ ይህን ያንብቡልኝ።

ይህ ሁሉ የእንግሊዝ ሕግ ነው። ስኮትላንድ ያለችው እህትዎ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቅጣት የለም» ብትልዎ አልዋሸችም።

ካላንደሩን አንዴ ከተረዱት አያስቸግርም። ዓመቱ ሦስት ተርም ነው። በየተርሙ መሐል ሃፍ ተርም የሚባል አንድ ሳምንት አለ፦ ኦክቶበር መጨረሻ፣ ፌብሯሪ አጋማሽ፣ ሜይ መጨረሻ። ገናና ፋሲካቸው ላይ ሁለት ሁለት ሳምንት ገደማ ይዘጋል። በጋው ስድስት ሳምንት ነው። የኛን የክረምት እረፍት ለለመደ ልጅ ይሄ ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ነው። ከዚህ ሌላ አስተማሪዎች የሚሠለጥኑባቸው፣ ልጆች የማይገቡባቸው አምስት ቀናት አሉ፤ ኢንሴት ዴይ ይሏቸዋል። እነዚህን የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው። አካዳሚ የሚባሉት ደግሞ የተርሙን ቀን ጭምር ራሳቸው ያወጣሉ። ስለዚህ የትልቋንና የወንድሟን ካላንደር ለየብቻ ያውርዱ፤ የአንዱን አይተው ለሌላው አይገምቱ።

ለመጪዎቹ ዓመታት ጥቂት ልጠቁም። የ2027 ፋሲካችን ሜይ 2 ነው፤ የነሱ ማርች 28። ስቅለት ኤፕሪል 30 ተራ ዓርብ ነው፣ ስለዚህ በበዓሉ ሕግ ያሳውቃሉ። የፋሲካው ማግስት ሰኞ ግን ባንክ ሆሊዴይ (ትምህርት የሚዘጋበት ሕዝባዊ በዓል) ነውና ልጆቹ ዶሮ ወጡን በልተው አርፈው ይነሣሉ። በ2028 ሁለቱም ፋሲካ ኤፕሪል 16 ላይ ይገጥማል። አያትን ለመጠየቅ ግን እኔ ኦገስትን እመርጣለሁ። ጭቃው አለ፣ ዝናቡ አለ፤ ነገር ግን ቡሄ ኦገስት 19 ነው። ሆያ ሆዬ እየጨፈረ ሙልሙል የተቀበለ ልጅ ከዚያ በኋላ አማርኛ እንዲናገር ልመና አያስፈልገውም። ደግሞ ከትምህርት አንድ ቀን አይጎድልም።

ለዘንድሮው ግን እንዲህ ቢያደርጉ ይሻላል። ትኬት የቆረጠላችሁን ወኪል የመመለሻውን ቀን ወደ ጃንዋሪ 3 ወይም 4 ለማዞር ስንት እንደሚጠይቅ ዛሬውኑ ይጠይቁና ከ320 ፓውንዱ ጋር ያወዳድሩት። የገናው ቀን አዲስ አበባ ያልፍዎታል፤ ያሳዝናል። እናትዎን ግን ሁለት ሳምንት ያገኛሉ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብቻ እዚያ ቀርታችሁ በዓሉን ከእናትዎ ጋር ብትውሉ ደግሞ ማንም አይቀጣችሁም፤ ሕጉ የሚቆጥረው የልጆቹን ወንበር ነው። ከልጆቹ ጋር የሚመለሰው ወላጅ ገናን እዚህ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድስ። ለዚያ ቀን ለሁለቱም ትምህርት ቤት ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ነን፣ ጃንዋሪ 7 የልደት በዓላችን ነው፣ ልጆቻችን በዚያ ቀን አይገቡም። የደብሩን ደብዳቤ ግን አሁኑኑ ያስጽፉ፤ የገና ሰሞን ካህናቱን ማን ያገኛቸዋል?