«ለባንድ ብለሽ ብቻሽን ባሕር ትሻገሪያለሽ?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 37 ነው። ከተጋባን 11 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ከ15 ዓመቴ ጀምሮ ሜታሊካ የተባለውን የአሜሪካ የሮክ ባንድ እወዳለሁ፤ ባለቤቴ ግን ዘፈናቸውን ስከፍት በሩን ዘግቶ ይወጣል። ከአምስት ወር በኋላ ውጭ አገር የሚያቀርቡትን የሁለት ሌሊት ኮንሰርት ትኬት ከራሴ ደሞዝ አጠራቅሜ ገዛሁ። ለእሱ የነገርኩት ግን ከገዛሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳቀ። የምሬን መሆኑን ሲያውቅ «ያገባች ሴት ለባንድ ብላ ብቻዋን ባሕር ትሻገራለች?» አለኝ። ቀጥሎ «ለምን ሁለት ሌሊት? አንዱ አይበቃም? በመካከል ያለውን ቀንስ የት ልትውዪ ነው?» እያለ ይመረምረኝ ጀመር። በመጨረሻ «እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» ሲለኝ «አይሆንም» አልኩት። እሱ ከመጣ ዓይኔ መድረኩ ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው ስለ ልጆቹ ብቻ ነው። አንድ ቀን ተናዶ ፓስፖርቴን እንደሚይዝብኝ ዝቶ ነበር፤ አላደረገውም። እናቴ ደግሞ «ትዳርሽን በጊታር ልትለውጪ ነው?» ትለኛለች። ጥፋቱ የእኔ ነው? ልቅር ወይስ ልሂድ? (እናቱ እሱ ልጅ ሳለ ለሥራ ርቃ ሄዳ ለስድስት ዓመት አልተመለሰችም። ይሄ ይገናኛል እንዴ?)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ጥያቄሽ ውስጥ ሁለት ጠቦች ተደበላልቀው ገብተዋል። አንዱ የጉዞው ነው፣ ሌላው የሦስቱ ሳምንታት። እናንተ ቤት እንደ አንድ ስለሚነሡ ነው መፍትሔ ያጡት።

በሦስቱ ሳምንታት ልጀምር፤ እዚህ ላይ የምከራከርልሽ ነገር የለኝምና። ገንዘቡ የራስሽ ነው፣ ያጠራቀምሽውም አንቺ ነሽ። ነገር ግን ትኬቱ ስልክሽ ውስጥ ተቀምጦ ማታ ማታ አብራችሁ እራት በልታችኋል። እምቢ ይለኛል ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል። ብዙ ሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ቢነገር ክርክሩ ያጥራል ብሎ ያስባል። አያጥርም፤ ርዕሱን ይቀይራል እንጂ። ባለቤትሽ «በመካከል ያለውን ቀን የት ልትውዪ ነው?» ሲልሽ አንቺ የሰማሽው ቅናት ነው። እኔ የማነብበት ደግሞ «ሌላስ ያልነገርሽኝ ምን አለ?» የሚለውን ነው። ይህን ጥያቄ ከሜዳ ተነሥቶ አላመጣውም።

ስለዚህ ይቅርታ የምትጠይቂው ስለ ድብቁ ነው፣ ስለ ጉዞው አይደለም። «ይቅርታ፣ ግን እንደምትቆጣ ስለማውቅ ነው» የሚለው ይቅርታ ሳይሆን ክስ ነው። «ሳልነግርህ መግዛቴ ልክ አልነበረም» በዪና በዚያው ዝም በዪ። ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩዪ፤ እሱ የሚለው ነገር ይኖረዋል።

«ለምን ሁለት ሌሊት?» ለሚለው ግን ቀላል መልስ አለ፤ ባንዱን የማይከታተል ሰው ሊገምተው አይችልም። ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 አምስተርዳም ላይ በጀመረው ኤም 72 በተባለው የዓለም ጉብኝቱ በብዙ ከተሞች ሁለት ሌሊት ይጫወታል፤ በመጀመሪያው ሌሊት ከተጫወታቸው ዘፈኖች አንዱንም በሁለተኛው አይደግምም። ከእነሱ ቀድመው መድረክ የሚወጡት ባንዶችም ይለያያሉ። በሁለቱ ሌሊቶች መካከል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባዶ ቀን አለ፤ አምስተርዳም ላይ የተጫወቱት ሐሙስና ቅዳሜ ነበር። ባዶውን ቀን አንቺ አልፈጠርሽውም ማለት ነው። የጉብኝቱን መርሐ ግብር ከፍተሽ አሳዪው፤ ለሳምንት የሚያብሰለስለውን ጉዳይ አምስት ደቂቃ ሊዘጋው ይችላል። ያም ሆኖ የዚያን ቀን ውሎሽን በሰዓት ከፋፍለሽ አታቅርቢለት። ጥርጣሬ በማስረጃ ብዛት አይጠግብም፤ ዛሬ የሰዓት ዝርዝር የሰጠሽው ሰው ነገ የደቂቃውን ይጠይቅሻል።

አሁን «እኔም እመጣለሁ» ወዳለሽ እንሂድ፤ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው።

ብቻሽን ለመሄድ የፈለግሽበትን ምክንያት ከብዙ ባለሙያ በተሻለ ገልጸሽዋል። ለዓመታት ቤትና ልጆች የያዘ ሰው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሌሎችን ፊት ማንበብ ይለምዳል። ማን ደክሞታል፣ ማን ተሰላችቷል፣ ማን ሊያኮርፍ ነው። ይህ ልማድ ስታዲየም በር ላይ አይቀርም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው እየዘለለ አንቺ የባለቤትሽን ቅንድብ ስትጠብቂ ታመሺያለሽ፤ «እንውጣ ወይ?» የምትዪውም ራስሽ ትሆኛለሽ። የቤተሰብ ሕክምና ፈር ቀዳጅ የሆነው ሙሬይ ቦወን የጤናማ ቅርበት መለኪያ አድርጎ ያየው ሰው ከሚወዳቸው ሳይቆረጥ ራሱን ሆኖ መቆየት መቻሉን ነበር። ከ11 ዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን የማንንም ስሜት ሳይጠብቁ ለማሳለፍ መመኘት ትዳርን መጥላት አይደለም።

እናትሽ «ጊታር» ብለው የሚያቃልሉት ነገርም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሞንትሪያል ውስጥ የተሠራ የአንጎል ምስል ጥናት፣ ሰዎች የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙና ሰውነታቸው ውርር ሲላቸው አንጎላቸው ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘውን ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደሚለቅ አሳይቷል። የሚገርመው፣ መልቀቁ የሚጀምረው ያ የዘፈኑ ቦታ ከመድረሱ በፊት፣ በመጠበቁ ጊዜ መሆኑ ነው። አንቺ ደግሞ ከ15 ዓመትሽ ጀምሮ ስትጠብቂ ነው የኖርሽው። ሶሲዮሎጂስቱ ኤሚል ዱርኬምም እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ሥራው ሰዎች ተሰብስበው በአንድ ድምፅ ሲያዜሙ የሚፈጠረውን የጋራ ግለት ጽፎበታል፤ በአምልኮ ሥርዓት ላይ ነበር የተመለከተው፣ ስታዲየም ውስጥ የቆመ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ባለቤትሽ ሁለት ቀን ብቻሽን ቁጭ ብለሽ እየታየሽው ከሆነ፣ እንደዚያ አይደለም።

እንዲህም ሆኖ «አይሆንም» ያልሽበት መንገድ ጎድቶታል። ዘፈኑ ሲከፈት በሩን ዘግቶ የሚወጣ ሰው «እመጣለሁ» ሲል ለእሱ ትልቅ ነገር ነው ያቀረበው። ክትትል ሊኖርበት ይችላል፤ ግን የሚያውቀው የመታረቂያ መንገድ ያ ብቻ ሊሆንም ይችላል። አንቺ የመለስሽለት አንድ ቃል ነው። የፊቱን ነገር ለእኔ ጻፍሽልኝ እንጂ ለእሱ አልነገርሽውም። ንገሪው። «አብረኸኝ ከሆንክ አንተ ተደስተሃል ወይ እያልኩ ነው የማመሸው፤ አንድ ጊዜ ይህን ሳላስብ መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰውን አያባርርም። እንዲያውም ስንት ጊዜ ፊቱን ስታነቢ እንደኖርሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያውቅ ይችላል።

በቅንፍ ወዳስቀመጥሽው ልምጣ። ባለቤትሽን አላገኘሁትምና በሌለበት ምርመራ አልሰጥም። ነገር ግን አዎ፣ ሊገናኝ ይችላል። የእናትና የልጅን ትስስር ያጠኑት ጆን ቦውልቢና ሜሪ ኤይንስዎርዝ በሕፃናት ላይ ባደረጉት ሥራ፣ እናቱ እንደምትመለስ የሚተማመን ልጅ ስትወጣ ቢያለቅስም ስትመለስ ቶሎ ተጽናንቶ ወደ ጨዋታው ይሄዳል፤ መመለሷን የማያምን ልጅ ግን እቅፏ ውስጥ ሆኖም አይረጋጋም። አዋቂም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1998 ክሪስ ፍሬሊና ፊሊፕ ሼቨር የተባሉ ተመራማሪዎች አውሮፕላን ማረፊያ ሄደው ጥንዶችን ተመልክተው ነበር፤ የሚለያዩት ጥንዶች አብረው ከሚበሩት ይልቅ ይተቃቀፉ፣ እጅ ለእጅ ይያያዙ፣ ለመላቀቅ ይቸገሩ ነበር። የዕድሜ ባለጸጋ ሆኖም ሰው በመለያየት በር ላይ ልጅ ይሆናል። ሻንጣ ይዛ የወጣች እናቱን ስድስት ዓመት ለጠበቀ ሰው፣ የሚስቱ ሻንጣ የአራት ቀን ሻንጣ ብቻ ሆኖ ላይታየው ይችላል። ይህን ግን አንቺ «አንተ እኮ በእናትህ ምክንያት ነው» ብለሽ እንዳትነግሪው። እውነት ቢሆን እንኳ በጠብ መካከል ሲነገር ዱላ ነው። ራሱ ካነሣው አዳምጪው።

ባለቤትሽ አይወዳቸውም እንጂ ሜታሊካ ራሱ በዚህ ውስጥ አልፏል። ከ14 ዓመት በላይ ቤዝ ጊታር የተጫወተው ጄሰን ኒውስቴድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 ባንዱን ለቀቀ። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ኤኮብሬይን ከተባለ ሌላ ባንድ ጋር በትርፍ ጊዜው ሙዚቃ ማውጣት ፈልጎ ድምፃዊው ጄምስ ሄትፊልድ አጥብቆ ስለተቃወመው ነው። ሄትፊልድ ያኔ በሰጠው ቃለ ምልልስ ነገሩን በሚስት ላይ ከመማገጥ ጋር አመሳስሎት ነበር። ወላጆቹ የተለያዩት በልጅነቱ ነው፤ እናቱም በ16 ዓመቱ በካንሰር ሞታበታለች። ኋላ ላይ ያን ያህል አጥብቆ የያዘው እንዳይተዉት ፈርቶ እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ያስከተለው ግን የፈራውን ያንኑ ነገር ነው። ቀሪዎቹም አማካሪ ቀጥረው አንድ ክፍል ውስጥ መነጋገርን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። ይህን ታሪክ ለባለቤትሽ ብታጫውቺው ስለ ባንዱ የሚወደው የመጀመሪያው ነገር ሊሆን ይችላል። ትምህርት አታድርጊበት ብቻ፤ ወሬ ይሁን።

ስለ ፓስፖርቱ አጭር ልሁን። በንዴት የተባለና ያልተደረገ ነገር ነውና ይቅር ልትዪው ትችያለሽ። ግን አንድ ቀን በተረጋጋ ሰዓት «ያ ንግግር አስፈርቶኛል፣ እንዳይደገም» በዪው። ከደገመው፣ ከደበቀው ወይም እጁን ካነሣ ግን እስካሁን የጻፍኩት በሙሉ አይሠራም። ያ የትዳር ቅያሜ መሆኑ ቀርቶ አንቺን መቆጣጠር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ስለ ኮንሰርት ሳይሆን ስለ ደኅንነትሽ ከምታምኚው ሰውና ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሪ።

እናትሽን በዚህ ጉዳይ ዳኛ አታድርጊ። ሦስተኛ ሰው ሲገባ ሁለታችሁም ለእሱ ማስረዳት ትጀምራላችሁ፣ እርስ በርስ መነጋገሩ ይቀራል።

ከተስማማችሁ በጉዞው ጊዜ ስለ ስልክ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ጥንዶች የሚጣሉት ግን እዚሁ ላይ ነው። ስታዲየም ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ኔትወርኩን ስለሚጠቀም ስልክ አልሠራ ሊል ይችላል፤ ሲያልቅም ሕዝቡ ወጥቶ፣ መጓጓዣ ተገኝቶ፣ ክፍልሽ እስክትደርሺ ሰዓት ይወስዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አሥር ጊዜ ደውሎ ሳይነሣ ሲቀር የሚያስበውን አስቢ። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት አንድ መልእክት፣ ክፍልሽ ስትደርሺ አንድ መልእክት፣ በመካከሉ ምንም። ያረፍሽበትን አድራሻና የበረራሽን ሰዓት ጽፈሽ ተዪለት። ለልጆቹም አብራችሁ ንገሯቸው፤ በአባታቸው ፊት፣ የምትመለሺበትን ቀን ጭምር።

ሁሉን ነግረሽው፣ ይቅርታ ጠይቀሽው፣ አሁንም «አይሆንም» ቢልስ? አምስት ወር አለሽ፤ ጉዳዩን ደጋግማችሁ በእርጋታ አንሡት፣ ካቃታችሁ አብራችሁ አማካሪ ዘንድ ሂዱ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ጎትማን ለዓመታት ጥንዶችን አጥንቶ የደረሰበት፣ ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ ያህሉ ለዘለቄታው የማይፈቱ መሆናቸው ነው፤ ይዘዋቸው መኖርን ነው የሚማሩት። እሱ ሜታሊካን ላይወድ፣ ጉዞሽንም ላይወደው ይችላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በእኔ አስተያየት ሂጂ። የቀረሽ እንደሆነ በየጠቡ መካከል ያ ኮንሰርት ይነሣል፤ እሱም ያላሸነፈውን ነገር እንዳሸነፈ ይቆጠርበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእንዲህ ያለ ኮንሰርት የተመለሰ ሰው ለጥቂት ቀናት ድብርት ድብርት ሊለው ይችላል። ዓመታት የተጠበቀ ነገር ሲያልፍ ሰውነት የሚያሳየው ውጤት ነው፤ እንቅልፍ ማጣቱና ድካሙም ይጨመርበታል። ቤት ገብተሽ ፈዘዝ ስትዪ ባለቤትሽ «ቤቷ አስጠላት» ብሎ እንዳይተረጉመው፣ ይህን ከመሄድሽ በፊት ንገሪው፤ ከተመለስሽ በኋላ ከሆነ ሰበብ ይመስለዋል።