ጊት የአማርኛ ፋይሌን ስም ለምን በቁጥር ይጽፈዋል?

ጥያቄ፦ የምሰበስባቸውን ተረቶች የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ በጊት ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ፋይሎቹንም በአማርኛ እሰይማቸዋለሁ። ግን የተቀየሩትን ለማየት «ጊት ስታተስ» ስል «ሰላም» ያልኩት ፋይል "\341\210\260\341\210\213\341\210\235" ሆኖ ይመጣል። የተቀየሩትን ለቅሞ ባክአፕ የሚያደርግልኝ ስክሪፕትም «ፋይሉ የለም» ብሎ ይቆማል። ጓደኞቼ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ቀይሪው ይሉኛል። ልቀይረው?
እህታችሁ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እንዳትቀይሪው! ፋይልሽ ምንም አልሆነም፣ ስሙም ጊት ውስጥ በትክክል ተቀምጧል። የሚዘበራረቀው ስክሪን ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ፊደላትን በባይት በሚያስቀምጥበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ጊት ደግሞ ተው ካላልሽው እንዲህ ያሉትን ባይቶች ከ0 እስከ 7 ባሉ አሃዞች ብቻ እየጻፈ ያሳያል። እስኪ የላክሽውን እዪው፦ \341\210\260 «ሰ» ናት፣ \341\210\213 «ላ»፣ የቀረው «ም»። 341 በየፊደሉ መጀመሪያ የሚመላለሰው የአማርኛ ፊደላት በሙሉ በዚያው ባይት ስለሚጀምሩ ነው።

ለዓይንሽ መፍትሔው ቀላል ነው። ተርሚናል ላይ «git config --global core.quotepath false» ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ። አማርኛሽ ይመጣል።

ስክሪፕቱን ግን በዚህ ብቻ እንዳትተዪው። አሁን የሚሠራ ይመስላል፤ ቅንብሩ ያለው ግን አንቺ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ሌላ ሰው ጋ ሲሄድ እዚያው ችግር ውስጥ ይገባል፣ ስሙ ውስጥ የጥቅስ ምልክት (") ያለበት ፋይል ደግሞ አንቺም ጋ ያስቸግራል። ተራው «ስታተስ» ለሰው ዓይን የተሠራ ነው፤ አጻጻፉ ከቨርዥን ቨርዥን፣ በኮምፒውተሩ ቋንቋም ሊለያይ ይችላል። ለስክሪፕት «ስታተስ» ላይ የሚጨመር «--ፖርስሌን» (--porcelain) የሚባል አለ፣ እሱ ቨርዥን ቢቀየርም ቅርጹ እንዳይለወጥ ተብሎ የተያዘ ነው። ላዩ ላይ «-ዜድ» (-z) ጨምሪበት። ያኔ ስሞቹ ያለ ጥቅስና ያለ ቁጥር ጥሬአቸውን ይመጣሉ፣ የሚለያቸውም አዲስ መስመር ሳይሆን ዋጋው ዜሮ የሆነ አንድ ባይት ነው። ለማየት አይመችም፣ ለስክሪፕቱ ግን የሚያሳስት ነገር የለውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፦ ፋይል ስሙ ሲቀየር «-ዜድ» መጀመሪያ አዲሱን፣ ቀጥሎ የድሮውን ስም ነው የሚሰጥሽ። ገልብጠሽ ካነበብሽው ስክሪፕቱ አሁን የሌለ ፋይል ሲፈልግ ይቆማል።

ቀንም ላይ ያው ነው። የለውጦቹን ታሪክ የሚዘረዝረው «ጊት ሎግ» በቀንና በሰዓት ያሳይሻል እንጂ ኮሚቱ (የተመዘገበው ለውጥ) ውስጥ ያለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሴኮንድ ነው፣ አጠገቡም የአገሩ ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት ያለው ልዩነት፣ ለእኛ +0300። ባክአፕሽን በቀን የምትለዪ ከሆነ «ጊት ሎግ» ላይ «--ዴት=ሮው» (--date=raw) ብለሽ ያንን ጥሬ ቁጥር ውሰጂ።