አዋቂ ታካሚ ኮሚክ ቢሰጠው ይከፋዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! ነርስ ነኝ፣ የአስም ክትትል ላይ ነው የምሠራው። የኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት መሣሪያ) አጠቃቀም በወረቀት ጽፈን እንሰጣለን ግን ታካሚዎቹ ሲመለሱ እስቲ አሳዩኝ ስላቸው ግማሹን ይዘሉታል። በኮሚክ ልሠራው ስል አለቃዬ "ትልቅ ሰው ካርቱን ስትሰጪው እንደናቅሽው ነው የሚቆጥረው" አሉኝ። እውነት ነው እንዴ? ደግሞ ሥዕል ላይ ደካማ ነኝ።

መልስ፦ ነገሩ እኮ በአዋቂ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፣ ቁስላቸው ታክሞ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ቤት ለሚሄዱ ሰዎች ለገሚሱ ጽሑፍ ብቻ ለገሚሱ ከካርቱን ጋር ሰጧቸውና በኋላ ሲጠይቋቸው ካርቱን ካገኙት 98 በመቶው አንብበውታል፣ ካላገኙት 79 በመቶው። ጥያቄውን ሁሉ በትክክል የመለሱት ደግሞ 46 በመቶ እና 6 በመቶ! (46ም ቢሆን ከግማሽ በታች ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱን ሰጥተሽ "አሳዩኝ" ማለቱን እንዳትተዪ።) ለአለቃሽ ይሄንንም ጨምሪላቸው፦ ፔን ስቴት የሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች ኮሚክ እያነበቡና ራሳቸው እየሳሉ የሚማሩበት ኮርስ አለ።

ሰው የሚከፋው በእኔ እይታ በሥዕሉ ሳይሆን ታካሚው እንደ ሞኝ፣ ነርሷ እንደ ተቆጪ ሲሳሉ ነው፣ እሱን ተጠንቀቂ።

አሁን ወደ ሥራው፣ ተጭነው ለሚረጩት ኢንሄለር። በአንድ ሳጥን አንድ ድርጊት ብቻ፦ መነቅነቅ፣ ትንፋሽን ማስወጣት፣ በከንፈር አጥብቆ መያዝ፣ እየተጫኑ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ፣ ትንፋሽ መያዝ። ከመጫን በፊት ማስወጣቷን ብዙ ሰው ስለሚዘላት ሳጥኗን ተለቅ አድርጊያት። አስር ሰከንድ መያዝን ግን የቆመ ሥዕል አያሳይም፣ ከተሳለው ሰው ራስ በላይ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ደርድሪ። የተሳሳተውን አሠራር ሥለሽ ኤክስ አታድርጊበት፣ ኤክሱን ሳያይ ሥዕሉን የሚከተል አይጠፋም።

ስለ ሥዕሉ አትጨነቂ፣ ሰውየው የእንጨት ሰው ቢመስልም ችግር የለውም፣ እጁ አፉና የኢንሄለሩ አቅጣጫ ግን ልክ መሆን አለባቸው፣ ፎቶ አንስተሽ በላዩ ገልብጪ። ከማባዛትሽ በፊት ኢንሄለር ነክቶ ለማያውቅ ሰው ስጪውና ምንም ሳትናገሪ እንዲያደርገው ጠይቂው፣ ግራ ገብቶት የቆመበት ሳጥን እንደገና ይሳላል።

ደግሞ የዱቄት ኢንሄለር የሚወስዱ ካሉሽ ሌላ ወረቀት ሥሪላቸው፣ እሱ የሚሳበው በፍጥነትና በኃይል ነው፣ ይሄኛውን ካዩ ቀስ ብለው ይስቡና መድኃኒቱ በደንብ አይደርሳቸውም።