«አስለቀቅኋቸው» ወይስ «አባረርኋቸው»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሰርቪስ ቤቶች እያከራየሁ በአዲስ አበባ የምኖር እናት ነኝ። በአንደኛው ቤት ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አራት ዓመት ኖረዋል፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ሐምሌ ላይ ደላላ ከፍ ያለ ኪራይ የሚከፍል ሰው ሲያመጣልኝ «ልጄ ከውጭ ስለሚመጣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ብዬ በሁለት ሳምንት እንዲወጡ አደረግሁ። ከቅድሚያ ክፍያቸው የቀረውንም «ለቀለም» ብዬ አስቀረሁት። ለንስሐ አባቴ «ተከራይ አስለቅቄአለሁ» አልኋቸው፤ እሳቸውም ብዙ አልጠየቁኝም። ጎረቤቴ ግን ዕድር ላይ «አባረረቻቸው» ስትል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። በገዛ ቤቴ ማዘዝ ኃጢአት ነው? እግዚአብሔር ራሱ አዳምን ከገነት አስወጥቶት የለም? አብርሃምስ አጋርን?

መልስ፦ እናቴ፣ እንቅልፍ ማጣትዎ ደግ ምልክት ነው፤ ኅሊናዎ አልደነዘዘም። በንብረት ማዘዝ ኃጢአት አይደለም። ውል ሲያልቅ፣ ወይም ቤቱን በእውነት ሲፈልጉት፣ በቂ ጊዜ ሰጥተው ተከራይን ቢያሰናብቱ ማንም አይከስስዎትም። ለዚህ ዓይነቱ «ማስለቀቅ» የሚለው ቃል ይበቃል። እርስዎ የነገሩኝን ነገር ግን ይህ ቃል አይሸከመውም።

ቋንቋችን ሰውን ከቦታው ለማንሣት ብዙ ቃል አለው፤ ክብደታቸው ይለያያል። «ማባረር» ከኋላ እየተከተሉ ማስሮጥ ነው፤ ዶሮ ከስጥ ላይ ይባረራል፣ ውሻ ከደጅ ይባረራል። የጎረቤትዎ ቃል ያመመዎት ለዚህ ይመስለኛል። «መንቀል» ሥር ለሰደደ ተክል ነው። «ማፈናቀል» ደግሞ የተቀበረን ድንጋይ ከመፈንቀል ጋር ግንዱ አንድ ነው። «ተፈናቃይ» የሚለውን በየዜናው ከመስማታችን የተነሣ ጆሯችን ለመደው እንጂ፣ በድንጋዩ ቦታ ሰውን አስቀምጠው ቢያስቡት ያስደነግጣል። ቃሉ መሥሪያ ቤት ሲገባ «ተነሺ» ይሆናል፤ ሰውዬው በፈቃዱ ከመቀመጫው ብድግ ያለ ያስመስለዋል።

«ስደት» ላይ ግን ጥቂት ልቆይ። በግእዝ «ሰደደ» ማለት አባረረ፣ አሳደደ ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛ «ደብዳቤ ሰደደ» ስንል ላከ ማለታችን ነው፤ «ተሰደደ» ስንልም አገሩን ለቆ የሄደውን ብቻ እናስባለን። አሳዳጁ ከቃሉ ውስጥ ሾልኮ ወጥቷል። ጌታ «ብፁዓን እለ ይሰደዱ በእንተ ጽድቅ» (ማቴ. 5፥10) ሲል ግን የሚሰደዱት አሳዳጅ ስላለባቸው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ የእመቤታችንን ስደት እያሰብን ማኅሌት እንቆማለን፣ ብዙዎቻችንም በፈቃዳችን እንጾማለን፤ ኅዳር 6 ቀን ቁስቋምን እናከብራለን። በዚያ ሁሉ ዜማ ውስጥ ልባችን ከእናቲቱና ከሕፃኑ ጋር ይሄዳል፤ ከቤታቸው ያስወጣቸው ሰው እንዳለ ግን እንረሳዋለን። እርስዎ በዘንድሮው ጽጌ ሲቆሙ ያቺን የሚጠባ ሕፃን የታቀፈች ተከራይዎን ያስቧት። ይህን የምለው ሄሮድስ ነዎት ለማለት አይደለም፤ እርስዎን መዳኘት የእኔ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የቆሙት በየትኛው በኩል እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልግዎታል።

አዳምን ስላነሡ፦ እግዚአብሔር አዳምን ያስወጣው ከወደቀ በኋላ ከሕይወት ዛፍ በልቶ በውድቀቱ ለዘላለም እንዳይኖር ነው (ዘፍ. 3፥22)። ከማስወጣቱ በፊት የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩትም ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ ብሎ ተስፋ ሰጠው፤ ይህም 5500 ዘመን ነው። የወጣው ልብስና ቀጠሮ ይዞ ነው። የእርስዎ ተከራዮች ምን በድለው፣ ምን ይዘው ወጡ?

አጋርን በተመለከተ፣ «ከነልጅዋ አሳድድ» የሚለው የሣራ ቃል ነው። አብርሃም ነገሩ እጅግ አስጨንቆታል፤ የሸኛትም እግዚአብሔር ስለ ልጁ ተስፋ ከሰጠው በኋላ ነው (ዘፍ. 21፥10-14)። ውኃው ሲያልቅ ልጁ አለቀሰ፣ እግዚአብሔርም ሰማው፤ ይስማኤል የሚለው ስምም «እግዚአብሔር ይሰማል» ማለት ነው። ይህን ታሪክ ለአከራይ ፈቃድ አድርገው የሚያነብቡ ሰዎች እዚህ ላይ ሳይደርሱ ነው መጽሐፉን የሚያጥፉት። ነቢዩ ሚክያስ በምዕራፍ 2 የሕዝቡን ሴቶች ከቤታቸው ያሳደዱትን ይከስሳል። በኦሪት ዘሌዋውያን 25፥23ም እግዚአብሔር «ምድር የእኔ ናት፤ እናንተ በእኔ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ናችሁ» ይላል። የቤቱ ካርታ በስምዎ ቢሆንም እርስዎም ተከራይ ነዎት።

ደግሞም ጊዜው። ጌታችን ስለ መከራው ቀን ሲናገር ለርጉዞችና ለሚያጠቡ አዘነ፤ ሽሽታችሁ በክረምት እንዳይሆን ጸልዩ አለ (ማቴ. 24፥19-20)። እርስዎ የሚጠባ ሕፃን ያላትን ሴት ያስወጡት በሐምሌ ዝናብ ነው።

እንግዲህ ምን ላድርግ ይበሉኝ። መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባትዎ ተመልሰው ነገሩን በስሙ ይጥሩት፦ «ልጄ ይመጣል ብዬ ዋሽቼ፣ ለተጨማሪ ገንዘብ ብዬ፣ ሕፃን ያላቸውን ሰዎች በክረምት አባርሬአለሁ፤ ገንዘባቸውንም አስቀርቼአለሁ»። እሳቸው አይደነግጡም። ያስወጡኛል ብለው ከፈሩ፣ ጌታ «ወደ እኔ የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አላወጣውም» (ዮሐ. 6፥37) ብሏል፤ ሰዎቹን ባስወጡበት በዚያው ቃል።

ቀጥሎ ያስቀሩትን ገንዘብ ይመልሱ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ እርስዎ ቢያንስ ሙሉውን፣ ከቻሉ ደግሞ ያወጡትን የዕቃ ማጓጓዣ ጨምረው። ሰዎቹን ደላላው ወይም የዕድር ሰው ያገኛቸዋል። ይሂዱና ልጅዎ እንዳልመጣ በአንደበትዎ ይንገሯቸው፤ ይቅርታው ከዚያ ይከተል። ይቅር ባይሉዎት አይከራከሩ፤ ገንዘቡን ሰጥተው ይመለሱ።

የሕጉም ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል፤ ውልዎን በዚያ ያስተካክሉ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፦ ጸጸት ሲያይልብዎ «አዲሱን ተከራይ አስወጥቼ እነሱን ልመልስ» እንዳይሉ። እሱ የደላላውን ቃል አምኖ ነው የገባው፤ ዕቃውንም ገና ዘርግቶ አልጨረሰም።