ጥያቄና መልስ፦ የፈረንጆቹ 1984 በብሪታንያ፣ ከከሰል አድማው እስከ ባንድ ኤይድ

የሸክላ ቤት፦ ዛሬ ማታ ስለ 1984 ብሪታንያ ጠይቁኝ። ዜናውም ዘፈኑም ይቻላል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ ቀን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእነሱ 1984 የገባው ታኅሣሥ 22 ቀን 1976 ነው፤ ያለቀው ታኅሣሥ 22 ቀን 1977 ነው። ስለዚህ «በ77 የሆነው» ሲባል አብዛኛው እዚህ ዓመት ውስጥ የለም። ለይታችሁ ጠይቁ።

ሽሮሜዳ፦ ላይቭ ኤይድ ላይ እነማን ዘፈኑ?

የሸክላ ቤት፦ ላይቭ ኤይድ፣ የዌምብሌዩ የዕርዳታ ኮንሰርት፣ ጁላይ 13 ቀን 1985 ነው። ከዓመቱ ውጭ።

የከሚሴ ልጅ፦ ጋሼ፣ የከሰል ሠራተኞቹ አድማ ለምን ከሸፈ?

የሸክላ ቤት፦ ማርች 6 የከሰል ቦርዱ 20 ጉድጓድ እንደሚዘጋና 20,000 ሰው እንደሚቀንስ አስታወቀ። አድማው የተጀመረው ብርዱ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ኃይል ማመንጫዎቹም ከሰል ከምረው ነበር። የሠራተኞቹ ማኅበር መሪ አርተር ስካርጊል አገር አቀፍ ድምፅ ሳያሰጥ ስለገባበት የኖቲንግሃምሻየር ሠራተኞች አብዛኞቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ፍርድ ቤትም የማኅበሩን ገንዘብ አገደ። ማርች 3 ቀን 1985 ያለ ስምምነት ለመመለስ ወሰኑ።

ብርቱካን፦ ስለ ስፖርቱ ንገሩን እስቲ።

የሸክላ ቤት፦ «ስፖርቱ» ሰፊ ነው፤ ለይተሽ ጠይቂ።

ብርቱካን፦ እሺ፣ በረዶ ላይ የጨፈሩት ጥንዶች።

የሸክላ ቤት፦ ቶርቪልና ዲን፣ ፌብሩዋሪ 14፣ የሳራዬቮ የክረምት ኦሎምፒክ። ማወቅ ያለብሽ የሰዓቱን ነገር ነው። ደንቡ 4 ደቂቃ ሲሆን 10 ሰኮንድ ቢያልፍ ቢያጎድል ይፈቅዳል። የጨፈሩበትን ሙዚቃ፣ የራቬልን ቦሌሮ፣ ግን ከ4 ደቂቃ ከ28 ሰኮንድ በታች ማሳጠር አልተቻለም። ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው የጫማው ስለት በረዶውን ሲነካ ነው። ስለዚህ ተንበርክከው ጀመሩ፤ የመጀመሪያዎቹን 18 ሰኮንዶች በጉልበታቸው ሆነው፣ ከወገብ በላይ ብቻ እየተወዛወዙ አሳለፉ። በሥነ ውበት ነጥብ 9ኙም ዳኞች 6.0፣ ማለትም ሙሉ ነጥብ፣ ሰጡ።

መርካቶ፦ የ1 ፓውንድ ወረቀት አለኝ፣ ያወጣል?

የሸክላ ቤት፦ እንደሚቀር የተነገረው ኖቬምበር 1984፣ ከገበያ የወጣው ማርች 1988 ነው። የእንግሊዝ ባንክ ዛሬም ይቀይረዋል። የዋጋ ግምት አልሰጥም።

የለንደኗ፦ ባንድ ኤይድን የጀመረው ቦብ ጌልዶፍ ነው አይደል?

የሸክላ ቤት፦ ባንድ ኤይድ ለኢትዮጵያ ረሃብ ዕርዳታ አንድ ዘፈን ለመቅረጽ የተሰበሰቡ ዘፋኞች ናቸው፤ ታሪኩን ግን ሁሉም ሰው ከመሃል ነው የሚጀምረው። መነሻው ኮረም ነው። ኦክቶበር 23፣ ማክሰኞ፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ ቢቢሲ የማይክል በርክን ዘገባ አሳየ። ወደ 7 ደቂቃ ይሆናል። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው፤ ስሙን ሳትጠሩ ይህን ታሪክ አትንገሩ። ጎሕ ሲቀድ የኮረም ሜዳ ይታያል፤ በብርድ የተኮራመተ ሕዝብ እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ። ብዙ ጊዜ ረሃብ በዜና የሚቀርበው በቁጥር ነበር፤ አሚን ግን ካሜራውን ከእያንዳንዱ ፊት ጋር አቆየው። ዘገባውን ከ400 በላይ ጣቢያዎች ተቀባብለው አሳዩት።

ዘፋኙ ጌልዶፍ ያንን አይቶ ነው ሙዚቀኛውን ሚጅ ዩርን ያናገረው። ዩር ሙዚቃውን ቤቱ አዘጋጀ። ፕሮዲውሰሩ ትሬቨር ሆርን ለንደን ኖቲንግ ሂል ያለውን ሳርም ዌስት ስቱዲዮ ለ24 ሰዓት በነፃ ለቀቀላቸው። ቀረጻው ኖቬምበር 25፣ እሑድ። ፊል ኮሊንስ ከበሮ መታ፣ ፖል ያንግ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነ፣ ቦይ ጆርጅ ከኒው ዮርክ በኮንኮርድ በረረ። ሽፋኑን ፒተር ብሌክ ሠራው። ከዘገባው እስከ ቀረጻው 33 ቀን ብቻ ነው።

መንግሥት መጀመሪያ በሸክላው ላይ ያለውን ግብር አልተውም ብሎ ነበር፤ ግፊቱ ሲበረታ ተመጣጣኙን ገንዘብ ለዕርዳታው መለሰ።

ደሴ77፦ ግጥሙ ግን ስድብ ነው። «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ» ተብሎ የሚጠየቀው ማን ነው? ክርስትናን ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የያዘ አገር!

የለንደኗ፦ ሰው እየሞተ ግጥም ይተቻል እንዴ? እህሉ ደርሷል።

ደሴ77፦ ወንዝ አይፈስባትም ይላል እኮ፤ ዓባይ የማን ነው?

መርካቶ፦ ገንዘቡም ለጦር መሣሪያ ነው የዋለው ይባላል።

የሸክላ ቤት፦ መርካቶ፣ «ይባላል» እዚህ አይሠራም። ቢቢሲ በ2010 የዕርዳታ ገንዘብ ለመሣሪያ ውሏል የሚል ዝግጅት አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር የባንድ ኤይድ ገንዘብ እንደነበረበት ማስረጃ የለኝም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ሁለቱንም አብራችሁ ጥቀሱ። ደሴ77 በግጥሙ ላይ ያልከው ልክ ነው፤ የለንደኗም እህሉን በተመለከተ ልክ ናት። አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። እህል ወደብ ደርሶ መኪና አጥቶ ሲከማች ስለነበር ከተሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉ ለማጓጓዣ ዋለ። የብሪታንያ አየር ኃይል ሄርኩለስ የጭነት አውሮፕላኖችም እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያውን ያለ ጃንጥላ ደጋው ላይ ይጥሉ ነበር።

የከሚሴ ልጅ፦ ዘፈኑ አንደኛ የወጣው መቼ ነው? አንዱ ዲሴምበር 11 ይላል፣ ሌላው 15።

የሸክላ ቤት፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጽሑፍ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ቻርቱን፣ ማለትም የሸክላ ሽያጭ ደረጃ ሰንጠረዡን፣ የሚሠራው ጋለፕ የሚባል ድርጅት ነው። የሰኞ እስከ ቅዳሜ ሽያጭ ይደመራል፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ በሬዲዮ 1 ይታወጃል፣ መዝገብ ላይ ግን የሚጻፈው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቀን ነው። እሑድ የሚሰማው 40 ዘፈን ማክሰኞ የታወጀው ነው እንጂ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ከዲሴምበር 3 እስከ 8 የተሸጠው 11 ታወጀ፣ በ15 ተመዘገበ። ሁለቱም ቀን ትክክል ነው፤ የቱን እንደያዛችሁ ጻፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአንዱን ዘፈን በታወጀበት፣ የሌላውን በተመዘገበበት ቀን ወስዶ ሲያወዳድር ነው።

5 ሳምንት አንደኛ ቆየ፤ በጃንዋሪ 7 ቀን 1985፣ በእኛ ገና ዕለት፣ አልወረደም ነበር። ዋም የተባሉት ዘፋኞች ደግሞ «ላስት ክሪስማስ»ን ይዘው ሁለተኛ ላይ ቀሩ፤ ገቢያቸውንም ለዚሁ ዕርዳታ ሰጡ። ያ ዘፈን አንደኛ ለመሆን እስከ ጃንዋሪ 2021 ጠብቋል።

ብርቱካን፦ ታቸር ላይ የተጣለው ቦምብስ በ77 ነው?

የሸክላ ቤት፦ ብራይተን ከተማ፣ ኦክቶበር 12፣ በብሪታንያ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8:54። 5 ሰው ሞተ። ቦምቡ ከሳምንታት በፊት ተቀብሮ በሰዓት ቆጣሪ የተሞላ ነው። ጥቅምት 2 ቀን 1977። አዎ፣ 77 ነው።

ሽሮሜዳ፦ እና ዌምብሌይ ላይ እነማን ነበሩ?

የሸክላ ቤት፦ 1985። ከላይ ተመልሷል።