ለቀቅኳቸው፣ ቀሩ! የእርግብ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ የምኖረው ቤልጂየም፣ አንትወርፕ አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የውድድር እርግብ ሲያበሩ የኖሩ፣ እኔም ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እርግብ አረባ ስለነበር በዚሁ ተግባባንና ዘንድሮ 10 ጫጩት ሰጡኝ። የጓሮዬን የዕቃ ቤት አጽድቼ ቤት ሰራሁላቸው፣ አሁን 29 ቀን ሞልቷቸዋል። አንድ ጓደኛዬ "አንድ ወር ዝጋባቸውና ከዛ ልቀቃቸው፣ ይለምዳሉ" ይለኛል። ሽማግሌው ደግሞ በፍላሚሽ ነው የሚያስረዱኝ፣ ግማሹ አይገባኝም፣ ግን "ቶሎ አውጣቸው" የሚሉ ይመስለኛል። ማንን ልስማ?

የቆርቆሮ ጣራው ልጅ

መልስ፦ ሽማግሌውን ስማ ወንድሜ። በነገራችን ላይ ያለህበት አገር ኒው ኪም የተባለች እርግብ እ.ኤ.አ. በ2020 በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠችበት አገር ነው፣ አንተ 10 ጫጩት በነጻ ከነምክሩ ስላገኘህ ለሰውየው አንድ ቀን ቡና አፍላላቸው።

አሁን ወደ ነገሩ። የ29 ቀን ጫጩት ላባው ሞልቶ ይሆናል እንጂ ጉልበት የለውም፣ ደንግጦ ቢነሳ እንኳን ሁለት ቤት አልፎ ጣራ ላይ ነው የሚወድቀው። አንድ ወር ዘግተህበት ስትለቀው ግን የሁለት ወር ጎረምሳ ሆኗል፣ ክንፉ ጠንክሯል ሰፈሩን ግን አያውቅም፣ አንዴ ሽቅብ ከተነሳ የሚያወርደው የለም፣ ነፋሱ ወደወሰደው ይሄዳል፣ በቃ የቁራ መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ወጉ ምንድነው፣ ክንፉ ሳይጠነክር ዓይኑ ሰፈሩን ይጥገብ።

እኔ ይሄን ያወቅኩት ከ12 እርግብ 9ኙን አስበልቼ ነው። አውሮፓ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ልክ እንደጓደኛህ አሰብኩና 7 ሳምንት ዘጋሁባቸው፣ ከዛ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ትንሽ ነፋስ ቢጤ አለ፣ "እንዳይርባቸው" ብዬ ጥግብ እስኪሉ አበላኋቸውና በሩን ከፈትኩት። ወጡ፣ ጣውላው ላይ ተደረደሩ፣ አንገታቸውን እያስረዘሙ ወዲያ ወዲህ ያያሉ፣ እኔም ቡናዬን ይዤ ደስ ብሎኝ ቆሜያለሁ። ታዲያ የጎረቤት ሴትዮ ከላይ ፎቅ የአልጋ አንሶላ አውጥታ ፏ አድርጋ አራገፈችው። አስራ ሁለቱም አንድ ላይ ብድግ! ሁለቴ ዞሩ፣ ሶስቴ ዞሩ፣ ከፍ አሉ፣ ከዛ ነጠብጣብ ሆኑ፣ ከዛ ሰማዩ ባዶ ቀረ። እስኪመሽ ጣሳ ሳንኳኳ ዋልኩ። በማግስቱ ሁለት፣ በሶስተኛው ቀን አንድ መጣልኝ፣ ዘጠኙ እስካሁን የሉም። ሴትየዋ ምንም አላጠፋችም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጉልበታም እርግብ፣ የጠገበ፣ በጠዋት፣ በነፋስ። አንዱ እንኳን ለብቻው ይበቃ ነበር።

አንተ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ውሃው የት እንዳለ ማወቃቸውን አረጋግጥ፣ ከእናት ከተለዩ ገና ጥቂት ቀን ስለሆነ አንዳንዱ እህል እየበላ ውሃ ሳያገኝ ይውላል። ጥግ ይዞ የሚያንቀላፋ ካየህ አንስተህ አፉን ቀስ ብለህ ውሃው ውስጥ ነከር አድርግለት፣ አንዴ ከጠጣ አይረሳም።

ከዛ ከመግቢያው ፊት ያለችው ማረፊያ ጣውላ ላይ የሽቦ ሳጥን ግጠም፣ ጣራውም ጎኑም ወለሉ ድረስ ወንፊት ሽቦ የሆነ። ለአንድ ሳምንት አስር ቀን ከሰዓት በኋላ ላይ እዛ ውስጥ አስወጣቸው፣ ሰማዩን፣ የጎረቤቱን ጭስ ማውጫ፣ ዛፉን፣ ውሻውን ሁሉ ይዩት። ሳጥኑን በፕላስቲክ ወይም በመስታወት እንዳትሸፍነው አደራ፣ ነፋሱ ይንካቸው። ይሄ የኔ ፈሊጥ እንዳይመስልህ፣ ቫልራፍ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ እርግቦችን ሰማይ በሚያዩበት ግን ዙሪያው በጣውላ በተጋረደ ቤት ውስጥ አሳደገና ወስዶ ቢለቃቸው የቤታቸው አቅጣጫ ጠፋባቸው። ኋላ በ1972 ፓፒና ባልደረቦቹ ጣልያን ፒሳ ላይ አፍንጫ ዋናው እንደሆነ አመለከቱ፣ ማለትም ጫጩቱ ቤቱ ተቀምጦ "ይሄ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ወገን ነው" እያለ ካርታውን ይስላል። ፀሐይንና የመሬትን ማግኔት እንደ ኮምፓስ መጠቀማቸውም የታወቀ ነው፣ ኮምፓስ ግን ካርታ ከሌለህ ምን ይሰራልሃል፣ ሰሜኑን ታውቃለህ ቤትህን አታውቅም።

ምግብ ላይ ጨከን በል። ለአንድ እርግብ በቀን 30 ግራም ገደማ ነው፣ ላንተ አስሩ 300 ግራም ማለት ነው፣ ሲሶውን ጠዋት ቀሪውን ማታ። እህሉን አፍስሰህላቸው አትሂድ፣ እየቆነጠርክ ስጣቸው፣ ሁሌም ስትሰጥ ያንኑ ጣሳ አንኳኳ ያንኑ ፉጨት አፏጭ። በሳምንት ውስጥ ጣሳውን ሲሰሙ ትከሻህ ላይ ይወጣሉ። እዚህ ደረጃ ሳይደርሱ በር አይከፈትም፣ እኔ ብሆን ይሄን አልዘለውም።

የመልቀቂያው ሰዓት ማታ ነው፣ ሊመሽ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲቀረው፣ ጠዋት ጥቂት ቀምሰው የዋሉ፣ ነፋስ የሌለበት። ሳጥኑን አንሳና ራቅ ብለህ ቁጭ በል። አታባርራቸው፣ አታጨብጭብ፣ ልጆቹም ጓሮ ኳስ አይጫወቱ። አንዱ ጣራ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ሳር ላይ ወርዶ ይደናገራል፣ ተዋቸው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጣሳህን አንኳኳ። ርቧቸዋል፣ መሽቷል፣ ይገባሉ። አንድ ጅል ጣራ ላይ ቢያድር ብዙ አትጨነቅ፣ ድንጋይ ብቻ እንዳትወረውርበት፣ ጠዋት በሩ ላይ ታገኘዋለህ። ከሽማግሌው ትልልቅ እርግቦች ጋር በተመሳሳይ ሰዓት እንዳይወጡም ተነጋገሩ፣ የትልቆቹ መንጋ ሲያልፍ ተከትለው ተነስተው የማይችሉትን ሊበሩ ነው፣ ያም ባይሆን የሳቸው ቤት ይገባሉ፣ እዛ ነዋ የተወለዱት።

ከሁለት ሶስት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን በመንጋ ተነስተው ከዓይንህ ይሰወሩና ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ይቆያሉ። ያኔ ልብህ ቀጥ ይላል፣ አይዞህ፣ ሰፈሩን እየለኩ ነው፣ ደህና ምልክት ነው። ይሄን ካደረጉ በኋላ ነው በመኪና መውሰድ የሚጀመረው፣ 5 ኪሎሜትር፣ 10፣ 20፣ እያልክ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ፣ "ተመልሶ መጣ" እና "ገባ" ለውድድር ሰው ሁለት ነገር ናቸው። እግሩ ቀለበት ላይ ያለው የመመዝገቢያ ቺፕ የሚቆጠረው በመግቢያው ሲያልፍ ነው፣ ጣራ ላይ ተቀምጦ ላባውን ቢያበጥር ሰዓቱ ይሮጣል። ፍጥነቱ የሚሰላው በደቂቃ ስንት ሜትር እየተባለ ነው፣ 100 ኪሎሜትርን በደቂቃ 1200 ሜትር የመጣ እርግብ 83 ደቂቃ ፈጀበት እንበል፣ ጣራ ላይ 3 ደቂቃ ከቆመ ወደ 1158 ይወርዳል፣ እዚያ አካባቢ ባለው ፉክክር ደግሞ በዛች ልዩነት ስንቱ ይቀድመዋል መሰለህ። ጣሳው ያን ቀን ነው የሚከፍልህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ነው። የ13 ዓመት ልጄ አጠራቅሞ አጠራቅሞ ሁለት ጥንድ ትልልቅ እርግብ ገዛ። ሶስት ቀን ዘግቶባቸው በአራተኛው ለቀቃቸው፣ አንዱም አልተመለሰም። ሻጩ ጋ ቢሄድ እርግቦቹ እዛው ቁጭ ብለዋል፣ ሰውየው ደግሞ "እኔ ሸጫለሁ፣ ያንተ ይሁኑ የኔ ምን አውቃለሁ" ብሎ እንደገና ክፈል አለው። ልጄ ምግብ አልበላም ብሎኛል። ያስረሱልኝ ወይስ ያስተምሩት?

የተቸገረች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅዎን አይዞህ ይበሉልኝ፣ እኛም በልጅነታችን በዚሁ ተበልተናል። አንዷን እርግብ ሶስቴ የሸጠልኝ ሰው ነበር፣ ያውም እየሳቀ።

ትልቅ እርግብ ቤቱን አይረሳም፣ ሶስት ቀን አይደለም ሶስት ወር ቢዘጋበት ብዙዎቹ ይመለሳሉ። ሻጩ ጥፋቱን አምኖ እርግቦቹን ከመለሰ (አንድ ትልቅ ሰው አብሮት ቢሄድ ይሻላል፣ ልጅ ብቻውን ሲሆን ነው እንዲህ የሚቀልዱት) ልጅዎ እነሱን እስከመጨረሻው አይልቃቸው። ሰፋ ያለ፣ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኝ፣ በሽቦ የታጠረ ቤት ይስራላቸውና ይውለዱ። እርግብ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፣ 17 ወይም 18 ቀን ወንዱም ሴቷም እየተፈራረቁ ታቅፈው ይፈለፍላሉ፣ ጫጩቶቹ በአንድ ወር ገደማ ከጎጆ ይወጣሉ። የልጅዎ እርግብ የሚባሉት እነዛ ናቸው። እነሱን ከላይ ለቤልጂየሙ ወንድማችን በጻፍኩት መንገድ ያውጣቸው፣ እህሉ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ትንሽ አተር ቢሆን ይበቃል።

ሰፈር ውስጥ "ክንፉን ቁረጠው" የሚሉት ይኖራሉ። አይቁረጥ። የተቆረጠ ላባ በዓመቱ ላባ ሲለውጥ እንጂ አይተካም፣ እስከዛ ድመት ስትመጣ እንኳን መሸሽ አይችልም። የግድ ከሆነ የአንዱን ክንፍ ረጃጅም ላባዎች በለስላሳ ክር ላላ አድርጎ ማሰር ይቻላል፣ እሱም ለጥቂት ቀን ነው፣ ድመት በማይደርስበት ቦታ።

ምግብ አልበላም ያለውን ጎጆ መስሪያ ጣውላና ሚስማር ይግዙለት፣ ሲርበው ይበላል።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ ከሊድስ ነኝ፣ እንግሊዝ። ጫጩቶቼ ቤት ለምደውልኝ ነበር ግን በሁለት ሳምንት ሶስቱን ጭልፊት በላብኝ፣ አንዱን ዓይኔ እያየ ከጣራ ላይ ነው ያነሳው። ወጥመድ ላድርግበት?

መልስ፦ እንዳትሞክራት! እዛ አገር አዳኝ አሞሮች በሙሉ ከ1981 ጀምሮ ባለው የዱር እንስሳት ህግ የተጠበቁ ናቸው፣ ለእርግብ ብለህ ፍርድ ቤት ትቆማለህ። ይልቅ ያንተ ስህተት የት እንደሆነ ልገምት፣ በሩን ከፍተህ ስራ ትሄዳለህ አይደል? ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ የሚውል ጫጩት ለጭልፊት የተነጠፈ ማዕድ ነው። አንተ ባለህበት ብቻ ይውጡ፣ ተርበው ይውጡ፣ በርረው ወዲያው ይግቡ። ሰዓቱንም ቀያይረው፣ ጭልፊት እንደ አከራይ ነው፣ የምትገባበትን ሰዓት ያጠናል። አንዴ ከተመታህ ደግሞ ሁለት ሶስት ቀን ዝጋ፣ የደነገጠ መንጋ ወደ ጣራው መውረድ ይፈራና ሳይነካው እንኳን ተበትኖ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ 6ቱ ጫጩቶቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርጫት 10 ኪሎሜትር ወስጃቸው ተመለሱ፣ ከዛ ወዲህ ግን ያስመልሳቸዋል፣ ኩሳቸውም አረንጓዴ ውሃ ነው። ልምምዱ በዛባቸው እንዴ? ከኔዘርላንድስ።

መልስ፦ በዝቶባቸው ብቻ አይመስለኝም፣ የወጣት እርግብ በሽታ የሚሉት ይመስላል፣ ጭንቀት፣ መጨናነቅና ቫይረስ ሲገናኙ የሚነሳ ነው፣ በቅርጫት ከሌላ ሰው እርግብ ጋር ከተቀላቀሉ ደግሞ ይበልጥ። ልምምዱን ዛሬውኑ አቁም፣ የታመሙትን ለይ፣ ውሃ በየሰዓቱ ቀይርላቸው፣ እህሉን ለአንድ ቀን ቀንስ። አንቲባዮቲክ ከሰው ተቀብለህ ውሃ ውስጥ እንዳትጨምር፣ ቫይረስ ከሆነ አይነካውም፣ ትኩስ ኩስ በእቃ ይዘህ እርግብ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂድ። እግረ መንገድህን የፓራሚክሶቫይረስ (የእርግብን ነርቭ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው) ክትባታቸውን ጠይቅ፣ ካልተከተቡ ውድድር ላይ አይቀበሉህም። ሲድኑም ከ10 አትጀምር፣ መጀመሪያ ቤታቸው ዙሪያ ሁለት ሳምንት ይብረሩ፣ ከዛ ከ3 ኪሎሜትር ጀምር።