ሎፍቱ ካልተከፈተ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፦ ስለ ኪራይ ቤትና ስለ ኢፒሲ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ብርዱ በጠነከረ ቁጥር ወደዚህ ዓምድ የሚላኩት ጥያቄዎች ከቪዛና ከፍቺ ወደ ቦይለርና ወደ ራዲያተር ይዞራሉ። ዛሬ የምመልሰው በተለምዶ ኢፒሲ የምንለውን የቤት የኃይል ብቃት የምስክር ወረቀት የሚመለከቱትን ነው። ወረቀቱ ለኪራይ ቤቶች ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2008 ጀምሮ ሲሆን፣ ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ ቤቱንም ከ"ኤ" እስከ "ጂ" ባለው ደረጃ ይመድባል። መልሶቼ የእንግሊዝንና የዌልስን ሕግ የተከተሉ ናቸው። ስኮትላንድ የራሷ ደንብ ስላላት ከግላስጎው የጻፉልኝ ወንድሜ ቅር እንዳይላቸው እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ተመልሰው የሚኖሩ አንድ አባት ዌምብሌይ ያለ አፓርታማቸውን በኤጀንት አማካይነት ያከራያሉ። የኢፒሲው ጊዜ ማለፉን ኤጀንቱ ነግሯቸው ተጨንቀዋል። "እዚያ ድረስ ሳልመጣ ማውጣት እችላለሁ? ተከራዩ ሳይወጣስ ማሳደስ ግዴታዬ ነው?" ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ወረቀቱን የሚያወጣው ገምጋሚ ቤቱን ማየት አለበት እንጂ ባለቤቱን ማየት የለበትም፤ ስለዚህ ለአውሮፕላን ትኬት ገንዘብ አያውጡ። ፈቃድ ያላቸውን ገምጋሚዎች በመንግሥት የኦንላይን መዝገብ ላይ የቤቱን ፖስትኮድ አስገብተው ካሉበት ሆነው ማግኘት ይችላሉ። ዋጋው በአብዛኛው ከ60 እስከ 120 ፓውንድ ስለሆነ፣ ኤጀንቱ እጥፉን ከጠየቀዎት ራስዎ ይደውሉ። ለተከራዩ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በር የሚከፍት ሰው ካለ ጉዳዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ወረቀቱ በፖስታ እንዲላክልዎትም መጠበቅ የለብዎትም፤ ከተመዘገበ በኋላ ማንም ሰው ከየትም ሆኖ ሊያየው ይችላል።

ሁለተኛውን በተመለከተ፣ ያው ተከራይ በያዘው ውል እስከቀጠለ ድረስ የ10 ዓመቱ መሙላት ብቻውን አዲስ እንዲያወጡ አያስገድድዎትም። ቤቱን እንደገና ለኪራይ ሲያቀርቡ ግን ገምጋሚው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት መታዘዝ፣ ደረጃውም በማስታወቂያው ላይ መገለጽ አለበት፤ አለበለዚያ 200 ፓውንድ ያስቀጣል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ግን አሁኑኑ አስገመግመው ነበር፤ ደረጃው ዝቅ ብሎ ቢገኝ ቤቱ ባዶ ሆኖ ኪራይ እየቀረብዎት ከሚያስጠግኑ ተከራይ እያለ ቢያውቁት ይሻላል። ስለ ውሉ አቀራረጽ ከተጠራጠሩ ጠበቃ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ "ወረቀቱን ተከራዩ በሚያየው ግድግዳ ላይ መስቀል አለብኝ?"

መልስ፦ የለብዎትም፤ ቅጂውን ለተከራዩ በነጻ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ክሮይደን ያለ አሮጌ ቤታቸውን ለማከራየት ያሰቡ አንባቢ ንዴት የሞላበት ረጅም ደብዳቤ ልከዋል። ፍሬ ነገሩ ሎፍቱን፣ ማለትም ከጣሪያው ሥር ያለውን ቦታ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ሙቀት እንዳይወጣ በሚከለክል ሽፋን (በኢንሱሌሽን) አስሸፍነው ሳለ ገምጋሚው 36 ነጥብ፣ ማለትም "ኤፍ"፣ ሰጥቷቸው መሄዱ ነው። "ሰውየው ዓይን የለውም ወይ?" ይላሉ። ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሎፍቱ መግቢያ በሻንጣ ተጨናንቆ ስለነበር ሳይከፈት መቅረቱን ይጠቅሳሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስት ገጽ ከጻፉልኝ ውስጥ ቁም ነገሩ ያለው በዚያች በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው። ገምጋሚ ግድግዳ አይበሳም፣ ወለል አይነቅልም፣ የሰው ሻንጣም አያወርድም። ያየውን ይመዘግባል፤ ያላየውንና በሰነድ ያልተረጋገጠለትን ደግሞ የቤቱን ዕድሜ አይቶ፣ የዚያ ዘመን ቤቶች በተለምዶ ያላቸውን ይወስዳል። የእርስዎን ዓይነት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቤት በዚህ መንገድ ሲገመት የሚያገኘው ነጥብ አነስተኛ ነው።

ባለፈው ዓመት የራሴን ቤት ሳስገመግም ገምጋሚዋን ከኋላ ከኋላዋ እየተከተልኩ ተመልክቻለሁ። ወደ ውስጥ ሳትገባ በፊት መንገድ ላይ ቆማ የጡቡን አደራደር አየች። የሚታየው የጡቦቹ ረጅም ጎን ብቻ ከሆነ ግድግዳው በመካከሉ ክፍተት ያለው ድርብ ግድግዳ፣ በረጅሞቹ መካከል የጡብ አጭር ጫፍ ጣልቃ እየገባ የሚታይ ከሆነ ግን ድፍን ግድግዳ መሆኑን እንደሚያመለክት ነገረችኝ። ቀጥላ የቦይለሩን ሞዴል የሚገልጸውን ጽሑፍ ፎቶ አነሳች፣ አምፖሎቹን ቆጠረች፣ ከዚያም መሰላል አስወጥታ ሎፍቱ ውስጥ ገባች። የብረት ማስመሪያ በኢንሱሌሽኑ ሱፍ ውስጥ ሰክታ 100 ሚሊሜትር አነበበች፤ ማስመሪያው እንደተሰካ ፎቶ አነሳችው። ዛሬ የሚመከረው 270 ሚሊሜትር ስለሆነ አፈርኩ፤ ረከቦቱና የልጆቹ አሮጌ ጋሪ ከላይ ተከምረው ብዙ የሸፈኑ ይመስለኝ ነበር።

እርስዎ የቀረዎት ሦስት ነጥብ ነው፤ ለማከራየት የሚያበቃው ዝቅተኛ ደረጃ "ኢ" ሲሆን የሚጀምረው ከ39 ነውና። ሻንጣዎቹን ያውርዱ፣ መግቢያው በቀላሉ እንዲከፈት ያድርጉ፣ ለዚያው ገምጋሚ ደውለው ተመልሶ እንዲያይ ይጠይቁ። በእጅዎ የቤቱ አድራሻ የተጻፈበት ደረሰኝ፣ የሥራ ዋስትና ወይም ቀን ያለበት ፎቶ ቢኖር ያዘጋጁ፤ "የአክስቴ ልጅ ነው የሠራው" የሚል ምስክርነት በዚህ ሥራ ዋጋ የለውም። የሙቅ ውኃ ታንከር ካለዎት ጃኬት ማልበስና የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ማሻሻልም በትንሽ ወጪ ነጥብ ይጨምራሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ "ኤፍ" ላይ ከቀረ፣ ቤቱን በዚያ ደረጃ ማከራየት ሕገ ወጥ ነው። ሕጉ ግን ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ ከ3,500 ፓውንድ በላይ እንዲያወጡ አያስገድድዎትም፤ እስከዚያ አውጥተው "ኢ" ካልደረሰ፣ ማስረጃዎን አያይዘው ከግዴታው ነጻ በሚያደርገው የመንግሥት መዝገብ ላይ ያስመዘግባሉ፤ ይህም በአብዛኛው ለ5 ዓመት ይጸናል። ሳይመዘገቡ "ወጪው ከአቅሜ በላይ ነው" ማለት ብቻውን አይቆጠርም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ድፍን ግድግዳውን ከውስጥ በኩል ለማስለበስ ካሰቡ፣ በአሮጌ ቤት እርጥበት የሚያውቅ የሕንፃ ባለሙያ ሳያይ ምንም እንዳያስነኩ። እርጥበት የያዘ ግድግዳ በኢንሱሌሽን ከታፈነ፣ ነጥብ ሲያገኙ እንጨቱን ያበሰብሱታል።

ጥያቄ፦ "ተከራዬ በሳምንት ሁለት ጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች። ምጣዱ የቤቱን ደረጃ አያወርድብኝም?"

መልስ፦ አያወርድም። የሚመዘነው ቤቱ ነው እንጂ ነዋሪው አይደለም፤ ስሌቱ ማንም ቢኖርበት ሳሎኑ እስከ 21፣ ሌሎቹ ክፍሎች እስከ 18 ዲግሪ እንደሚሞቁ አድርጎ ይወስዳል፤ ምጣድና ማጠቢያ ማሽን አይቆጠሩም። እንጀራው ከደረሰዎት አመስግነው ይብሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው በቴሌግራም "ቤቱን ሳላይ በ30 ፓውንድ አወጣልሃለሁ" ብሏቸው እንዳማራቸው የጻፉልኝ አሉ።

መልስ፦ ቤቱን ሳያይ የሚያወጣ ሰው የሚሸጥልዎት የሐሰት ወረቀት ነው፤ ፈቃድ ያለው ገምጋሚ ከሆነም ፈቃዱን በእርስዎ 30 ፓውንድ እያስያዘ ነው። ተከራይዎ ያላየው ገምጋሚ ያወጣውን ወረቀት ለካውንስል (ለአካባቢው አስተዳደር) ሲያሳይ መልስ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ሌሊት በጽዳት ሥራ የምታድር፣ ሁለት ልጆች ይዛ ካምበርዌል በተከፋፈለ አሮጌ ቤት ምድር ቤት የምትኖር እኅት ጽፋልኛለች። ማሞቂያዋ ግድግዳ ላይ የተሰካ የኤሌክትሪክ ሂተር ሲሆን፣ ካርድ ቆጣሪው ላይ ጠዋት የሞላችው 10 ፓውንድ ማታ አይገኝም። ኢፒሲውን ባለቤቱን ስትጠይቀው "አንቺን አይመለከትሽም" አላት።

መልስ፦ እኅቴ፣ ከማንም በላይ የሚመለከትሽ አንቺን ነው፤ ሂሳቡን የምትከፍይው አንቺ ነሽና። አከራዩ ወረቀቱን በነጻ ሊሰጥሽ ይገባ ነበር፤ በእንግሊዝ ከጁን 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለዚህ ጉዳይ ተከራይን ማስከፈልም ክልክል ነው። ደግነቱ የእሱ ፈቃድ አያስፈልግሽም። በመንግሥት የኢፒሲ መዝገብ ላይ ፖስትኮድሽን አስገቢ፣ የቤትሽን ቁጥር ምረጪ፤ ፊደሉ፣ የወጣበት ቀን፣ የሚገመተው የማሞቂያ ወጪና መደረግ ያለባቸው ማሻሻያዎች ተዘርዝረው ይወጣሉ።

በርካሽ የሚሞቅ ቤት ከፍ ያለ፣ በውድ የሚሞቅ ደግሞ ዝቅ ያለ ፊደል የሚያገኘው ስሌቱ በዋናነት ወጪን ስለሚመለከት ነው። የአንድ አሃድ ኤሌክትሪክ ዋጋ የጋዝን አራት እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ እንዳንቺ ያለ በቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምድር ቤት በብዙ ቦታ ከታች ፊደላት ይገኛል። ሌሊት በርካሽ ታሪፍ ሙቀት የሚያከማቹ ሂተሮች ነጥቡን ያሻሽሉታል፤ የግድግዳ ሂተሮቹ ግን አይጠቅሙትም።

ፊደሉ "ኤፍ" ወይም "ጂ" ከሆነ፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለአዲስ ኪራይ፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ ደግሞ ለነባር ኪራይም ቤቱን በዚያ ደረጃ ማከራየት አይፈቀድም፤ አከራዩ ነጻ መሆኑን አስመዝግቦ ካልሆነ በቀር። ያ መዝገብም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ፈልጊው። ያልተመዘገበ ከሆነ ለካውንስልሽ አመልክቺ፤ ቅጣቱ ለአንድ ቤት በድምሩ እስከ 5,000 ፓውንድ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ ሻጋታ ካለ ኢፒሲው ስለማይመዝነው፣ እሱን ለብቻው ለካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል ነው የምታመለክቺው። አስተርጓሚ ከፈለግሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር በእርግጥ እከለክልሻለሁ፤ በንዴት ኪራይ መክፈል አታቁሚ። ውዝፍ ከገባሽ ለአከራይሽ የሚያስወጣሽን ምክንያት ራስሽ አስታጠቅሽው ማለት ነው። አንድ ደብዳቤ እንኳ ከመጻፍሽ በፊት ነጻ ምክር ወደሚሰጡት ወደ ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም ወደ ሼልተር ደውለሽ ጉዳይሽን የሚያይ ሰው አግኚ፤ ይህን የምለው እንደ ሌሎቹ መልሶቼ ለወጉ አይደለም።

ለሌሎቻችሁም አንድ ቃል ልጨምር፤ ቤት ስናይ አውቶቡስ ቅርብ መሆኑን፣ አከራዩ ሐበሻ መሆኑን፣ ማድ ቤቱ ለምጣድ ቦታ እንዳለው እንጠይቃለን፤ ፊደሉን ግን አንጠይቅም። እኔም ከዓመታት በፊት የተከራየሁትን ቤት ያየሁት በጁላይ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነፋስ በሚገባበት ቀን ነበር። አከራዩ "ብርሃን የሞላበት ነው" አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ኖቬምበር ላይ ብርሃኑ በገባባቸው ስንጥቆች ሁሉ ብርዱም ገባ። ፊደሉ በማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ነበር፤ አላነበብኩትም።

ጥያቄ፦ "ዝቅተኛው ደረጃ ወደ 'ሲ' ይነሣል ይባላል። ቤቴን ልሽጥ?"

መልስ፦ "ሲ" ከ69 ነጥብ ይጀምራል፤ መንግሥት በፌብሩዋሪ 2025 ለውይይት ባቀረበው ሐሳብ ለኪራይ ቤቶች እስከ 2030 ወደዚያ ከፍ እንዲል ጠይቋል። ቀደም ሲል ለ2025 የታሰበው ተመሳሳይ ሐሳብ በሴፕቴምበር 2023 ስለተሰረዘ የሚያቅማሙት ያለ ምክንያት አይደለም። በሐሜት ቤት አይሸጥም፤ መጀመሪያ ኢፒሲውን ከፍተው የተጻፉትን ማሻሻያዎች ዋጋ ያስጠይቁ፤ ስለ ግብሩ የሒሳብ ባለሙያ ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ሰሜን ለንደን ያሉ እናት፣ ከሚኖሩበት ቤት አንዷን ክፍል ለአገር ልጅ ሊያከራዩ ነው። ኢፒሲ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ እትዬ፣ አብረው እየኖሩ አንድ ክፍል ሲያከራዩ አያስፈልግዎትም። ወደ ልጆችዎ ሄደው ቤቱን በሙሉ ከለቀቁለት ግን ያስፈልግዎታል፤ ያን ጊዜ ሎፍቱን አስቀድመው ያስጠርጉ።